ጠዋት 250፣ ሌሊት ላብ፦ መጠኑን ከመጨመርዎ በፊት የሚወጉበትን ቦታ ይዳስሱ

ጥያቄ፦ «እናቴ 64 ዓመቷ ነው። የምንኖረው ደሴ፣ ሮቢት ነው። ስኳር ከተገኘባት ብዙ ዓመት ሆኗታል፤ ኢንሱሊን ከጀመረች ግን ሦስተኛ ዓመቷ ነው። የታዘዘላት ነጩ፣ ደፍረስ ያለው ኢንሱሊን ነው፤ ጠዋት 20፣ ማታ 14። ጠዋት ስንለካት 240፣ 260 እያለ ሲያስቸግረን የማታውን ቀስ በቀስ 22 አድርሰነዋል። ጠዋት ጠዋት ግሊቤንክላሚድ የሚባለውን የስኳር ክኒንም ትውጣለች። የምወጋት እኔ ነኝ፤ ከእምብርቷ በስተቀኝ ያለው ቦታ ስለማያማት ሁልጊዜ እዚያው ነው የምወጋት። ባለፈው ወር ኮምቦልቻ ወንድሜ ቤት ሰንብታ ነበር፤ እዚያ ሁለት ሌሊት በላብ ተነክራ፣ እየተንቀጠቀጠች፣ የማይገናኝ ነገር እየተናገረች አደረች። ለስላሳ ሲያጠጧት ተሻላት። ሰው ሁሉ ‹የኮምቦልቻ ሙቀት ነው› ይላል። ደሴ ከተመለሰች በኋላ ደግሞ ጠዋት ጠዋት እንደገና 250 ነው። መጠኑን ልጨምርላት? ኮምቦልቻ መሄዱንስ ትተው? ጎረቤቶቿ ኢንሱሊን ሱስ ይሆናል፣ አብሽና ሽፈራው ይሻላታል ይሏታል። እሷ ደግሞ ረመዳንን እንደ ልማዷ እጾማለሁ ብላለች።»

ምላሽ፦

አይጨምሩ። ሐኪም ያዘዘላቸው የማታ መጠን 14 ዩኒት ነው፤ ከዛሬ ማታ ጀምሮ ወደዚያው ይመልሱት። የቀጠሮ ቀናቸውን ሳይጠብቁም በዚሁ ሳምንት ክትትል ወደሚያደርጉበት ቦታ ይውሰዷቸው። ኮምቦልቻ ላይ የደረሰባቸው ነገር ቀላል አይደለም። አንድ የስኳር ታማሚ አእምሮው ተምታቶ በሌላ ሰው እርዳታ ብቻ ከተመለሰ፣ እኛ ሐኪሞች ከባድ የስኳር መውረድ የምንለው ደረጃ ላይ ደርሷል ማለት ነው። ብቻቸውን ተኝተው ቢሆን ኖሮ ላይነሱ ይችሉ ነበር።

ከጻፉልኝ ሁሉ ዓይኔ መጀመሪያ ያረፈው «ስለማያማት ሁልጊዜ እዚያው ነው» ያሉት ላይ ነው፤ 260ው ላይ አይደለም። ኢንሱሊን ስኳርን ከማውረድ ሌላ ስብ እንዲከማች የማድረግ ባሕርይ አለው። ቀን በቀን አንድ ቦታ ላይ ሲወጋ ከቆዳው ሥር ያለው ስብ እየወፈረ ይጠጥራል፣ ጠባሳም ይቀላቀልበታል። ያ ቦታ እየደነዘዘ ስለሚሄድ መርፌው አያምም። ስለማያም ታካሚውም አስታማሚውም ይወዱታል፤ ስለሚወዱት ደግመው ደጋግመው ይወጉበታል፤ እብጠቱም ይብሳል። እናትዎን ላለማሳመም ብለው ያደረጉት ነው፣ በዚህ የሚወቅስዎ የለም። ግን ያ የማያመው ቦታ ከሆዳቸው ሁሉ የተጎዳው ቦታ ሳይሆን አይቀርም።

እንዲህ በጠጠረ ሥጋ ውስጥ የገባ ኢንሱሊን በሥርዓት ወደ ደም አይገባም። አንድ ቀን ከፊሉ ብቻ፣ ያውም ዘግይቶ ይገባል፤ ሌላ ቀን ከተጠበቀው በላይ ይገባል። እናም ጠዋት 250 ሲያዩ «መድኃኒቱ አነሳት» ብለው ሁለት ዩኒት ጨመሩ፤ አሁንም ሳይወርድ ሲቀር ሌላ ጨመሩ፤ 14 የነበረው 22 ደረሰ። ከ22ቱ ስንቱ በትክክል እንደሚሠራ ግን ማንም አያውቅም።

አሁን ወደ ኮምቦልቻው ሌሊት እንመለስ። ወንድምዎ ቤት ማን ወጋቸው? የት ላይ? ይህን ዛሬውኑ ደውለው ይጠይቁ። የእርስዎን ልማድ የማያውቅ ሰው ጭናቸው ላይ ወይም የሆዳቸው ግራ ላይ ወግቷቸው ከሆነ፣ እንቆቅልሹ ተፈታ ማለት ነው፤ 22ቱ ዩኒት ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉ በሙሉ ደም ውስጥ ገብቷል። ለ14 የታሰበ ሰውነት ላይ 22 ሠራበት።

ሙቀቱ ምንም አላደረገም አልልም። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር፣ ኮምቦልቻ ደግሞ ወደ 1,850 ሜትር ከፍታ ላይ ናቸው፤ የ25 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ወርዶ የአየሩ ልዩነት በግልጽ ይታወቃል። ሰውነት ሲሞቅ በቆዳ ሥር የሚዘዋወረው ደም ይጨምራል፣ ኢንሱሊንም ፈጠን ብሎ ይገባል። ነገር ግን ሙቀት ብቻውን ጠዋት 250 የነበረን ሰው ሁለት ሌሊት በላብ አያስነክርም። ስለዚህ እናትዎን ልጃቸውን ከመጠየቅ አያግዷቸው። መስተካከል ያለበት መርፌው ነው።

በእርግጥ ሳላያቸው እብጠት አለ ብዬ አልፈርድም። የእርስዎ እጅ ግን ዛሬ ማታ ሊነግርዎ ይችላል። እናትዎ በጀርባቸው ይተኙ። እጅዎን በሳሙና ያርጥቡ ወይም ትንሽ ቅባት ይቀቡና በጣትዎ ጫፍ ሳይሆን በጣትዎ ሆድ ከእምብርታቸው ጀምረው ወደ ጎን ቀስ እያሉ፣ ጫን እያሉ ይዳስሱ። ጤነኛ ቦታ ላይ ጣትዎ ሳይደናቀፍ ያልፋል፣ ቆዳውንም በሁለት ጣት ሲቆነጥጡት በቀላሉ ይነሳል። የተጎዳው ቦታ ላይ ሲደርሱ ጣትዎን የሚያቆም ነገር ያገኛሉ፤ ጠንከር ያለ፣ አንዳንዴ እንደ እርጥብ ስፖንጅ የሚል፣ ሲቆነጥጡት ወፍሮ የሚነሳ ወይም ጭራሽ አልቆነጠጥ የሚል። ሁሉም በዓይን አይታይም፣ በእጅ ብቻ የሚገኝ አለ። ካገኙት ዙሪያውን በእስክሪብቶ ያክብቡትና ለሐኪሙ ያሳዩ። ቀኙን ብቻ ዳስሰው አይተዉት፤ ግራውን፣ ጭኖቻቸውንና የክንዳቸውን ጀርባም ይዩ።

እዚህ ላይ ብርቱ ማስጠንቀቂያ አለኝ። እብጠቱን እንዳገኙ በዚያው ማታ 22 ዩኒቱን ወደ ጤነኛ ቦታ አዛውረው እንዳይወጉ፤ የኮምቦልቻውን ሌሊት ራስዎ ደሴ ላይ ይደግሙታል። ቦታ ሲቀየር መጠን መቀነስ አለበት፤ ምን ያህል የሚለውን የሚወስነው የሚያያቸው ሐኪም ነው። እስከዚያ 14ቱን ይያዙ። ጠዋት ላይ 250 ወይም 270 ቢያዩ ለጥቂት ቀናት ብዙም አያስደንግጥዎ። ከ300 በላይ ሆኖ አልወርድ ካለ፣ ትውከት ከመጣ፣ ውሃ ጥማቱ ከበረታ፣ ትንፋሻቸው ከፈጠነ ወይም ከደነዘዙ ግን ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ሆስፒታል ነው።

የጠዋቱን ቁጥር ብቻ ይዞ የማታን መጠን መወሰን ለምን እንደሚያሳስት ላስረዳ። የሚወስዱት ኢንሱሊን ኤንፒኤች የሚባለው ነው። ከተወጋ ከ4 እስከ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ ጉልበቱ ይበረታል። ከምሽቱ 1 ሰዓት ከወጓቸው፣ በጣም የሚሠራው ከምሽቱ 5 ሰዓት እስከ ንጋቱ 11 ሰዓት ነው፤ ሁላችሁም የምትተኙበት ጊዜ። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ስትለኩ ጉልበቱ አልፎ፣ ጉበትም ለንጋት የሚለቀው ስኳር ደም ውስጥ ገብቶ ነው የምታገኙት። ሌሊት ወርዶባቸው በእንቅልፍ ልብ ለስላሳ ወይም ማር ከተሰጣቸው ደግሞ የጠዋቱ ቁጥር የዚያ ለስላሳ ነው። ስለዚህ ሐኪም ጋ ከመሄድዎ በፊት ቢያንስ ሁለት ሌሊት፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ቀስቅሰው ይለኩ። የስኳር መለኪያው ስትሪፕ ውድ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ከአሥር የጠዋት ልኬት ግን እነዚህ ሁለቱ የበለጠ ይነግሩናል። ከመለካትዎ በፊት ጣታቸውን በውሃ አጥበው ያድርቁ፤ ተምር ወይም ማር የነካ ጣት የሌለ ስኳር ያሳያል።

የሌሊቱ ልኬት ከ70 በታች ከሆነ፣ ምልክት ባይኖርም፣ ወርዷል። ሦስት ወይም አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጠው፣ ወይም ግማሽ ጠርሙስ ለስላሳ፣ ወይም አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር ይስጧቸው፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና ይለኩ፤ ካልወጣ ይድገሙ። ሲሻላቸው ቁራሽ ዳቦ ወይም እንጀራ ያብሏቸው፤ የኤንፒኤች ጉልበት ገና ሰዓታት ስለሚቀሩት ተመልሶ ሊያወርዳቸው ይችላል። ሙሉ ጠርሙስ፣ ከዚያ ማር፣ ከዚያ ሻይ እየተባለ ከድንጋጤ የተነሳ የሚደራረበውን ግን ይተዉት። ራሳቸውን ከሳቱ ወይም መዋጥ ካልቻሉ በአፋቸው ምንም አያፍስሱ፤ ወደ ሳንባቸው ይገባል። በጎናቸው አስተኝተው ባገኙት መኪና ወደ ቅርብ ጤና ተቋም ይውሰዷቸው።

ቸል ሊባል የማይገባው ሌላው ነገር ግሊቤንክላሚዱ ነው። ይህ ክኒን ቆሽት ኢንሱሊን እንዲያመነጭ ይገፋፋል፣ ከሰውነት ቶሎ አይወጣም፣ የሚያመጣው የስኳር መውረድም ረጅም ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ ላይ ከ60 ዓመት በላይ ለሆኑ ሰዎች እንደማይስማማ ያመለክታል። እናትዎ 64 ናቸው፣ በቀን ሁለቴ ኢንሱሊን ይወጋሉ፣ በዚያ ላይ ከባድ መውረድ ደርሶባቸዋል። በእኔ እምነት ይህ ክኒን ከእንግዲህ አብሯቸው መቀጠል የለበትም፤ ሐኪማቸውን በግልጽ ይጠይቁ። አብረውም የኩላሊት ምርመራ ያስደርጉ። ኩላሊት ሲደክም ኢንሱሊኑም ክኒኑም ሰውነት ውስጥ ይቆያሉ፤ ለዓመታት የተስማማ መጠን ድንገት የሚበዛበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ሐኪሙ ሌሎች አማራጮችም አሉት። የማታውን መርፌ ከእራት ሰዓት ወደ መኝታ ሰዓት ማዘዋወር አንዱ ነው፤ ጉልበቱ የሚበረታበትን ሰዓት ወደ ንጋት ስለሚገፋው የሌሊት መውረድን ይቀንሳል፣ ወጪም የለውም። ግላርጂን የሚባለው ረጅም ጊዜ የሚሠራ ኢንሱሊን ሌሊት ላይ ረጋ ይላል፤ ዋጋው ግን ይከብዳል፣ በየጊዜው ላይገኝም ይችላል። እብጠት ላይ ከተወጋ እሱም ያው ነው። መጀመሪያ ቦታው ይስተካከል፤ ውድ መድኃኒት ፍለጋ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ከሐኪሙ ጋር ተነጋግራችሁ መጠኑ ከተስተካከለ በኋላ አወጋጉ እንዲህ ይሁን። ሆዳቸውን በእምብርታቸው ዙሪያ በአራት ይክፈሉት፣ ከእምብርቱ ሦስት ጣት ያህል ይራቁ። አንድ ሳምንት በአንዱ ክፍል ብቻ፣ በየቀኑም ከትናንቱ አንድ ጣት እየራቁ ይውጉ፤ በሳምንቱ ወደሚቀጥለው ክፍል ይለፉ። የጠጠረውን ቦታ ለወራት አይንኩት፤ ካረፈ ብዙውን ጊዜ እየለሰለሰ ይሄዳል። ብልቃጡን በሁለት መዳፍዎ መካከል አሥር ጊዜ ያህል ቀስ ብለው ያንከባልሉ፣ አሥር ጊዜ ያህልም ይገልብጡት፤ ነጩ ከሥር ተኝቶ ከቀረ አንድ ቀን ውሃውን፣ ሌላ ቀን ዋናውን መድኃኒት ይወጓቸዋል። ያገለገለ መርፌ ጫፉ ስለሚደንዝ ቆዳውን ይበልጥ ይጎዳል፤ በየጊዜው አዲስ መግዛት ካልተቻለም ሲያም ወይም ሲጎብጥ ይጣል እንጂ ለሌላ ሰው ፈጽሞ አይተላለፍ። ይህን ሁሉ ወንድምዎ ቤት መርፌ የሚይዘውም ሰው ማወቅ አለበት። በአንድ ደብተር ላይ ቀኑን፣ የወጉበትን ክፍልና መጠኑን ይጻፉ፤ እናትዎ ኮምቦልቻ ሲወርዱ ደብተሩ አብሯቸው ይውረድ።

ስለ አቀማመጡ አልጠየቁኝም፣ ግን ላንሳው። ያልተከፈተ ብልቃጥ ፍሪጅ ውስጥ፣ ከበረዶ ቤቱ ርቆ ይቀመጣል። በረዶ የነካው ኢንሱሊን ሲቀልጥ ደህና ቢመስልም ተበላሽቷል፤ ይጣል። የተከፈተውን ለ4 ሳምንት ያህል ከፍሪጅ ውጭ መያዝ ይቻላል፤ የደሴ ቤት ከፀሐይና ከከሰል ምድጃ እስከራቀ ድረስ ለዚህ ይመቻል፤ መብራት ጠፋ ብሎ መጨነቅ አያስፈልግም። ኮምቦልቻ ላይ፣ በሙቀቱ ወራት፣ ፍሪጅ ከሌለ ብልቃጡን ውሃ በማያስገባ ከረጢት አድርገው በእርጥብ ጨርቅ በተጠቀለለ የሸክላ ማሰሮ ውስጥ፣ ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ቦታ ያኑሩት። በመንገድ ላይ በእጅ ቦርሳ ይያዝ፤ ከመኪናው የፊት መስታወት ሥር አይቀመጥ። ካንከባለሉትም በኋላ ቋጠሮ የሚታይበት ወይም ጠርሙሱ ላይ እንደ ውርጭ የተለጠፈበት ከሆነ አይወጋ።

ጎረቤቶች ስላሉት። ኢንሱሊን ሱስ አያስይዝም። የጤነኛ ሰው ቆሽት ቀን ከሌት የሚያመነጨው ነገር ነው፤ የእናትዎ ቆሽት ከዓመታት በኋላ ስለደከመ ከውጭ ይተካል። «ከጀመሩት አይላቀቅም» የሚባለው ሕመሙ ስለማይለቅ ነው። «የመጨረሻ ደረጃ ላይ ሲደረስ የሚሰጥ ነው» የሚለውም ሐሰት ነው፤ ይህን የሰሙ ሰዎች መርፌውን እየሸሹ ዓይናቸውንና እግራቸውን ሲያጡ አይቻለሁ፣ ለዚህም ነው አጥብቄ የምጽፈው። አብሽ ስኳርን በመጠኑ የማውረድ ባሕርይ አለው፤ ኢንሱሊንን ግን አይተካም። በወጥና በምግብ ውስጥ እንደ ወትሮው ቢበሉት ግድ የለም። በጥብጠው በባዶ ሆድ በብርጭቆ የሚጠጡት ከሆነ ግን ከኢንሱሊንና ከግሊቤንክላሚድ ጋር ተደምሮ ሌላ መውረድ ሊያመጣ ስለሚችል ይተዉት። ሽፈራውም በዚሁ ይታይ።

ምግቡን በአጭሩ፦ የጤፍ እንጀራ ስኳር የለውም የሚባለው ስህተት ነው፤ ሆድ ውስጥ ሲፈጭ ስኳር ነው የሚሆነው፤ ቀዩም ነጩም። እንጀራውን ቀነስ፣ ሽሮውን፣ ምስሩንና ጎመኑን ጨመር። ኢንሱሊን ተወግተው እራት አለመብላት ደግሞ ከሁሉ የከፋ ነው።

ረመዳን። ለእናትዎ ይህን መስማት እንደሚከብዳቸው አውቃለሁ፤ ወሎ ውስጥ ለኖሩ እናት ረመዳን ምን እንደሆነ አልስተውም። ነገር ግን ባለፉት ሦስት ወራት ውስጥ ከባድ የስኳር መውረድ የደረሰበት ሰው መጾሙ በጣም አደገኛ ከሚባሉት ተርታ ነው የሚመደበው። የማታውን መርፌ ይዘው፣ ቀኑን ያለ ምግብና ያለ ውሃ እንዲውሉ ልፈቅድላቸው አልችልም፤ ዘንድሮ አይጹሙ። ቁርኣን ራሱ ለታመመ ሰው ፈቅዷል፤ መጾም የማይችልም ሚስኪን በማብላት ፊድያ ይሰጣል። የሚያከብሯቸውን ሼህ ቤት ጋብዛችሁ ከእርስዎ ሳይሆን ከሳቸው አንደበት ይስሙት። የሚቀጥለው ዓመት ጉዳይ ስኳራቸው ከተረጋጋ በኋላ ከሐኪማቸው ጋር የሚነጋገሩበት ነው።

ወደ ቀጠሮው ሲሄዱ ደብተሩን፣ የሌሊቱን ልኬቶች፣ የሚወጉበትን ብልቃጥና ሲሪንጅ ራሱን፣ የሚውጧቸውን ክኒኖች ሁሉ ከነማሸጊያቸው ይያዙ። የተመዘገበው 14 ሆኖ ሳለ 22 ይወጉ እንደነበርም ሳይደብቁ ይንገሩ፤ ይህን የማያውቅ ሐኪም በ14 አልወርድ አለ ብሎ ከዚያ በላይ ሊያዝ ይችላል። ቸኩሎ መጠን ብቻ ጽፎ ሊሸኛችሁ ቢል «ሆዷን ይዳስሱልኝ» ይበሉት። ሆዳቸው ሳይዳሰስ መጠን ቢጨመርላቸው አይቀበሉ።